ስለ ወላጆች ውለታና ስለ ጽናት፤ ከካፋ ምድር የተወሰደ ትምህርት

ሰው ከእናቱ ማኅፀን ሲወጣ ባለዕዳ ሆኖ ይወለዳል። ዕዳውም የብርና የወርቅ ዕዳ አይደለም፤ የጡት፥ የጀርባ፥ የሌሊት እንቅልፍና የድካም ዕዳ ነው። አበዳሪዎቹም አባትና እናት ናቸው። ይህን ዕዳ ቈጥሮና ሰፍሮ ሊመልስ የቻለ ልጅ ከቶ የለም፤ ስለዚህ የቀደሙት ሰዎች ልጅን «ክፈል» ከማለት ይልቅ «አመስግን» አሉት። ያላመሰገነውንም «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» እያሉ ነቀፉት።

ነገር ግን ምስጋና በአፍ ብቻ የሚነገር ቃል ከሆነ እንደ ጉም ተኖ ይጠፋል። እውነተኛ ምስጋና ሦስት ነገር ይዟል። አንደኛው የተቀበሉትን ማወቅ፥ ሁለተኛው የተቀበሉትን መጠበቅ፥ ሦስተኛው የተቀበሉትን አብዝቶ ለሚመጣው ትውልድ ማስረከብ ነው። ጽናትም ከዚሁ ይወለዳል፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት መከራን በምን እንዳለፉት የማያውቅ ሰው መከራ በደረሰበት ቀን መሬት የሚረግጥበት ያጣልና።

ይህን ትምህርት ከብዙ አገር ታሪክ ማስተማር ይቻላል። በካፋ ግን ከእያንዳንዱ ቤት ጓሮ በዓይን ይታያል። ቦንጋ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ካለው አገር ማናቸውም ቤት ቢገቡ ከቤቱ አጠገብ እንሰት ተተክሎ ይታያል። ያ እንሰት ለሚያስተውል ሰው የተከፈተ መጽሐፍ ነው።

1ኛ፤ ስለ አባት ተክል

ጤፍና በቆሎ የዘራ ገበሬ በዚያው ዓመት ያጭዳል። እንሰት የተከለ ገበሬ ግን እንደ አገሩ ሙቀትና ብርድ 3 ዓመት፥ 5 ዓመት፥ 7 ዓመትም ይጠብቃል። ልጁ በተወለደ ዓመት የተተከለ እንሰት ለመብል የሚደርሰው ልጁ ፊደል መቍጠር በሚጀምርበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ ዛሬ በማዕድ ላይ የቀረበው ቆጮ ዛሬ የተደከመበት አይደለም፤ ከብዙ ዓመት በፊት ልጁ ገና ሳይናገር አባቱ በዝናብ የቆፈረው፥ ፍግ ያፈሰሰበት ነው። ልጁ የሚበላው ያለፈውን ዘመን ድካም ነው ማለት ነው።

የእንሰት አረባብ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አለው። ገበሬው ገና ያልደረሰውን አንዱን እንሰት ይቈርጠዋል። ከመሬት በታች ያለውን ሥሩን፥ ይኸውም አሚቾ የሚባለውን፥ መካከለኛውን ቡቃያ አውጥቶ ጥሎ በፍግና በአፈር ይቀብረዋል። የማያውቅ ሰው ቢያየው ተክሉን ገደለው ይላል። ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚያ ከተቀበረው አሚቾ ብዙ ቡቃያዎች ይወጣሉ፤ ከአንዱ አርባ፥ ስድሳ፥ አንዳንድ ጊዜም ከመቶ በላይ ይገኛል። ገበሬውም እነዚህን እየነቀለ በየሥፍራው ይተክላቸዋል። አንዱ ተቈርጦ ብዙ ይሆናል።

መምህር ይህን ለልጆች ሲያስረዳ ስለ ጽናት ያለውን የተሳሳተ አሳብ ማረም ይችላል። ብዙ ሰው ጽናትን እንደ ድንጋይ መጠንከር አድርጎ ያስበዋል። ድንጋይ ግን ሲመታ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀም በኋላ አይበቅልም። የጸና ሰው ተቈርጦ የሚያቈጠቍጠው ነው። ሥሩ ካልሞተ ግንዱ መቈረጡ መጨረሻው አይደለም።

2ኛ፤ ስለ እናት ማዕድ

የአባት ሥራ መትከል ከሆነ እንሰቱን መብል የምታደርገው እናት ናት። የደረሰው እንሰት ከተቈረጠ በኋላ ሴቶች ተሰብስበው ግንዱን በጣውላ ላይ አስደግፈው ይፍቁታል፤ አሚቾውንም ይከትፉታል። ከሚጨመቀው ውሃ በታች የሚዘቅጠው ነጩ ቡላ ይባላል። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ተከቶ፥ በቅጠል ተሸፍኖ፥ በድንጋይ ተጭኖ ይቦካል። ይህም ቆጮ ነው። ከተፋቀውም የሚቀረው ጭረት ቃጫ ሆኖ ለገመድ ይውላል፤ ቅጠሉም ለመጋገሪያና ለመጠቅለያ ይሆናል። ከእንሰት የሚጣል ነገር የለም ማለት ይቻላል።

በጉድጓድ ውስጥ ያለው ቆጮ ለወራት፥ በብርዳማ አገርም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ሳይበላሽ ይቈያል። እናት ጉድጓዱን ስትሞላ የዛሬን ረሃብ ብቻ አታስብም፤ ዝናም የቀረበትን ዓመት፥ በሽታ የገባበትን ወራት፥ በድንገት የመጣውን እንግዳ ታስባለች። ስለዚህ በእናት ቤት የተማረ ልጅ ሁለት ነገር ያውቃል፤ አንዱ የተረፈውን ማስቀመጥ፥ ሁለተኛው ከተቀመጠው ለጎረቤት ማካፈል ነው። እንሰት የሚተከልባቸው የደቡብና የደቡብ ምዕራብ አገሮች ክፉ ዘመን በመጣ ጊዜ ከሌላው ይልቅ ችለው የቈዩት በዚህ ብልሃት ነው። ዛሬም በኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 20 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ እንሰት ምግብ ወይም የምግብ ድጋፍ ነው።

ይሁንና የእነዚህ እናቶች ስም በአንድ የታሪክ መጽሐፍ እንኳ አይገኝም። ስለ ነገሥታት ሲጻፍ ስለ ጉድጓዱና ስለ ጣውላው የጻፈ ጥቂት ነው። ነገሥታቱ ቢወድቁ ሕዝቡ ያልጠፋው ግን እናቶች ጉድጓዳቸውን ስለ ሞሉ ነው። ልጅ ይህን ካላወቀ ማዕዱን ይበላል እንጂ እናቱን አያውቃትም።

3ኛ፤ ምድር ከጠፋ በኋላ ስለ ተከሉት

ካፋ በጥንት ዘመን የራሱ ንጉሥ የነበረው መንግሥት ነበረ። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ዘመተበት። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾ በጫካና በገደል እየተዘዋወረ ብዙ ወራት ከተዋጋ በኋላ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ተያዘ። በዚያ ጦርነት ቤት ተቃጠለ፤ አዝመራ ተደመሰሰ፤ ብዙ ሰው በጦር፥ በረሃብና በበሽታ አለቀ። ከዚያም በኋላ የባርያ ንግድ የቀረውን ሕዝብ አመነመነው። ሰው ይኖርባቸው የነበሩ መንደሮች ዱር ሆኑ። ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው።

ይህ ታሪክ ለካፋ ልጅ ሲነገር ሁለት አደጋ አለው። አንዱ ቂም መትከል ነው፤ ሁለተኛው እንዳልሆነ አድርጎ መሸፈን ነው። ሁለቱም ልጅን አያሳድጉም። መምህር እውነቱን በልኩ ከነገረ በኋላ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፤ «ከዚያ በኋላ የተከለው ማን ነው?»

የተረፉት ሰዎች ከዱር ሲመለሱ ያገኙት ዐመድ ነበረ። እንሰት ደግሞ ዛሬ ተተክሎ ነገ አይበላም። ስለዚህ የተከለው ሰው እስኪደርስ ድረስ በዱር ሥራሥርና በጥቂት እህል መኖር ነበረበት፤ የተከለውንም እርሱ ይብላው ወይም ሌላ ይብላው እርግጠኛ አልነበረም። ሆኖም ተከለ። ዛሬ በካፋ ምድር በሕይወት ያለ ሰው ሁሉ በዚያን ጊዜ ተስፋ ሳይቈርጥ የተከለ አያት ወይም ቅድመ አያት አለው። የጽናት ትርጓሜ ከዚህ በላይ በምን ሊገለጽ ይችላል? ሳይበሉት ለሚቀሩት ተክል ጉድጓድ መቆፈር ነው።

ከዚህም ጋር አንድ ነገር ሊታሰብ ይገባል። ፍሪድሪሕ ቢበር የተባለ የኦስትሪያ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1905 ወደ ካፋ መጥቶ ስለ አገሩ ሥርዐትና ታሪክ ጠየቀ፤ የሰማውንም በሁለት ታላላቅ መጻሕፍት በ1920 እና በ1923 አሳተመ። የባዕድ ሰው ባሕርና በረሃ አቋርጦ የሽማግሌዎችን ቃል ሲለቅም፥ ፊደል የተማረ የአገሩ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ያለውን የአባቱን ቃል ሳይጽፍ ቢቀር ይህ ከውለታ ቢስነት ይቈጠራል።

4ኛ፤ ስለ ቢላዋው

ጽናት ዕውቀት ከሌለው ከንቱ መንገላታት ይሆናል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። በዚህ በሽታ የተያዘ እንሰት በመጀመሪያ የመካከለኛው ቅጠሉ ይደክማል፤ ከዚያ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቈረጥም ወደ ቢጫ የሚያደላ ፈሳሽ ያወጣል። ሊቃውንት የበሽታውን ምክንያት መርምረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1968 በጽሑፍ አስታውቀዋል። በዓይን የማይታይ ረቂቅ ሕዋስ ሲሆን፥ ከተክል ወደ ተክል የሚያስተላልፈውም ብዙውን ጊዜ የገበሬው ቢላዋ ነው። ተክሉ ከተያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም።

እንግዲህ ገበሬው ሲደክም ውሎ፥ በዚያው ባልጸዳ ቢላዋ ከታመመው ወደ ጤነኛው ቢሻገር፥ ትጋቱ ራሱ ጥፋት ይሆንበታል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። የታመመውን ነቅሎ ከተክሉ ርቆ መቅበር፤ ቢላዋውን ከእያንዳንዱ ተክል በኋላ በእሳት መለብለብ፤ ከብት የታመመውን በልቶ ወደ ጤነኛው እንዳይገባ መጠበቅ፤ ቡቃያንም ከጤነኛ ጓሮ ብቻ መውሰድ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ለልጅ እንዲህ ነው፤ አባትህ መትከልን አስተማረህ፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ቢላዋውን ማጽዳትን ያስተምርሃል። ሁለቱ አይጣሉም። ፊደል ያልቈጠረውን አባቱን የሚንቅ ተማሪ ተክሉን ያጣል፤ አዲሱን ዕውቀት የሚንቅ አባትም ተክሉን ያጣል። ልጁ የተማረውን ይዞ ወደ ጓሮ ሲመለስ፥ አባትም የልጁን ቃል ሲሰማ፥ ያን ጊዜ ውለታ ተመለሰ ይባላል።

5ኛ፤ ስለ ቡና፥ እናትን ስለ መርሳት

የቡና ተክል የትውልድ አገሩ የኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደን ነው፤ ካፋም ከዚሁ ደን ውስጥ ነው። ዘሩ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ የመን፥ ከዚያም ወደ ዓለም ሄደ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1714 የአምስተርዳም ከተማ ለፈረንሳይ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ አንድ የቡና ችግኝ አበረከተች፤ ከእንደዚህ ያሉ ጥቂት ችግኞች የተገኘው ዘር በአሜሪካ አገሮች ተስፋፋ። በ1753 ደግሞ ሊኔዎስ የተባለው የስዊድን ሊቅ ለተክሉ ስም ሲያወጣ «አራቢካ» አለው፤ የዐረብ ማለት ነው። ልጁ በሰው ቤት ስላደገ በአሳዳጊው ስም ተጠራ፤ እናቱ በደን ውስጥ ሳትታወቅ ቀረች።

ይሁን እንጂ እናት ልጅዋ ቢረሳትም የምትሰጠውን አላጣችም። በዓለም ያለው ቡና ከጥቂት ችግኝ የተገኘ ስለ ሆነ በሽታን የመቋቋም ኀይሉ ደካማ ነው። በ1963 ዓ.ም. አካባቢ የቡና ፍሬ በሽታ ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ ብዙ ቡና አጠፋ። ያን ጊዜ በጅማ አጠገብ በመልኮ ያለው የምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች በደቡብ ምዕራብ ደን ካሉት ዛፎች መካከል በሽታውን የሚችሉትን እየፈለጉ መረጡ፤ ዘራቸውንም ለገበሬ አከፋፈሉ። መድኃኒቱ የተገኘው ከእናት ቤት ነው።

የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተፈጥሮና የሰው ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስፋቱም ከ7 መቶ ሺህ ሄክታር በላይ ነው። ይህን ደን ለዚህ ትውልድ ያደረሱት ማር የሚቈርጡ፥ ቡና የሚለቅሙና ቅመም የሚሰበስቡ ወላጆች ናቸው። ቀፎውን በረጅሙ ዛፍ ላይ የሚሰቅል ሰው ዛፉን አይቈርጥም፤ ዛፉ ከወደቀ ማሩ ይቀራልና። ልጆቻቸው ለአንድ ዓመት ጥቅም ብለው ደኑን ቢመነጥሩት፥ አባቶች ያቈዩትን ብቻ ሳይሆን ገና ያልተወለዱት የሚድኑበትን ጭምር ያጠፋሉ።

6ኛ፤ ሊወረስ ስለማይገባው

ወላጆችን ማመስገን ማለት ወላጆች ያደረጉትን ሁሉ መድገም ማለት አይደለም። ብልህ ገበሬ ከአባቱ ጎተራ የተረከበውን ዘር እንክርዳዱን ለቅሞ ይዘራል፤ እንክርዳዱን ስለ ለቀመ አባቱን ሰደበ አይባልም።

በካፋ ማንጆ የሚባሉ ወገኖች አሉ። በጥንት ዘመን አደን ያድኑ ነበረ። ከሌላው ሕዝብ ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ፥ በጋብቻም እንዳይዛመዱ ሲደረጉ ብዙ ዘመን ኖሩ። ይህ ልማድ ከአባቶች የመጣ ነው፤ ነገር ግን እንክርዳድ ነው። በትምህርት ቤት አንዱ ልጅ ከሌላው ጋር እንጀራ ለመቍረስ ቢጠየፍ መምህር ዝም ሊል አይገባውም። እንዲያውም የማንጆ አባትና እናት ልጃቸውን ስድብ እየሰማ እንዲማር ወደ ትምህርት ቤት ሲልኩ የሚያሳዩት ጽናት ለክፍሉ ሁሉ ትምህርት ነው። ሽማግሌዎችም ይህን ልማድ የሚያስቀር ቃል በአደባባይ ቢናገሩ፥ ከመቶ መምህር ቃል የእነርሱ አንድ ቃል ይሰማል።

እንዲሁም አባትና እናት የሌለው ልጅ፥ ወይም ወላጁ የሚጨክንበት ልጅ በክፍሉ ውስጥ ይኖራል። እንደዚህ ላለው ልጅ «ወላጅህን አመስግን» ብቻ ማለት ቍስሉን መንካት ነው። አያት፥ አክስት፥ ጎረቤት፥ ወይም አንድ ቀን ያበላው ሰው ለእርሱ ወላጁ ነው። መምህርም ራሱ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። የሚበደል ልጅ ደግሞ መታገሥን ሳይሆን መጠጊያ ማግኘትን ሊማር ይገባዋል፤ በደልን ዝም ብሎ መሸከም ጽናት አይባልምና።

7ኛ፤ ለመምህራንና ለሽማግሌዎች የሚሆን የሥራ መንገድ

ይህ ትምህርት በቃል ብቻ ቢነገር በማግሥቱ ይረሳል። ስለዚህ በሥራ ቢታይ ይሻላል። መምህር በትምህርት ቤቱ ጓሮ አንድ አሚቾ አስቀብሮ ቡቃያው ሲወጣ ተማሪዎች ቍጥሩን በየሳምንቱ ይጻፉ። ቡቃያው ሲደርስ እያንዳንዱ ልጅ አንዱን ወስዶ በቤቱ ይትከል፤ የተከለበትንም ቀን ይመዝግብ። በዕድሜ ከፍ ያሉት ደግሞ አባታቸውን ወይም እናታቸውን ስለ አንድ የችግር ዘመን ጠይቀው የሰሙትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ይጻፉ። በካፊኖኖ የተነገረውን በካፊኖኖ፥ በአማርኛ የተነገረውን በአማርኛ ይጻፉት፤ የወላጅ ቃል በተነገረበት ቋንቋ ሲጻፍ ጣዕሙ አይጠፋምና።

ሽማግሌዎችም በየወሩ ከመካከላቸው አንዱን ወደ ትምህርት ቤት ቢልኩ፥ እርሱም ያየውን ብቻ ቢናገር፥ ልጆች የአገራቸውን ታሪክ ከሕያው ሰው ይሰማሉ። ሲናገር ግን የራሱን ዘመን አመስግኖ የልጆቹን ዘመን ቢራገም ትምህርቱ ይበላሻል። ተክል ከተከሉት በኋላ ቢረግሙት አያድግም።

የዚህ ሁሉ ፍጻሜ አጭር ነው። ልጅ የወላጁን ዕዳ ለወላጁ መልሶ ሊጨርስ አይችልም፤ ሊከፍል የሚችለው ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ነው። አባት ለልጁ ተከለ፤ ልጅም ለልጁ ይትከል። ተቈርጦ የነበረው ያቈጠቈጠው፥ ዱር ሆኖ የነበረው መንደር የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ጥያቄዎች

1. እውነተኛ ምስጋና የያዛቸው ሦስቱ ነገሮች ምን ምን ናቸው?
2. በቤትህ ዛሬ የተበላው ምግብ ከስንት ዓመት በፊት ተተከለ? የተከለውስ ማን ነው?
3. እናት የቆጮ ጉድጓድ ስትሞላ የምታስበው ምንድር ነው?
4. ከ1889 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ እንሰት መትከል ስለ ምን ከባድ ሆነ?
5. ባልጸዳ ቢላዋ መትጋት ለምን ጥፋት ይሆናል? በሕይወትህ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለን?
6. ከወላጆች ከተቀበልነው ውስጥ ልንጠብቀው የሚገባ አንድ፥ ለቅመን ልንጥለው የሚገባ አንድ ነገር ተናገር፤ ምክንያቱንም አስረዳ።